በወረርሽኙ ወቅት የሰውነትን የፈሳሽ መጠን መጠበቅ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸበት ጊዜ አንሥቶ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና አካላዊ ርቀትን መጠበቅ የዕለት ተዕለት ትምህርት ሆነው ነበር። እነዚህ ጥንቃቄዎች በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ የሚያግዙ ናቸው። በሽታው ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ታማሚው እስኪያገግም ድረስ በምን ይደገፍ የሚለው ነው። በኮቪድ-19 ከሚያዙ ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖራቸው ሕመም ቀላል ወይም መካከለኛ በመሆኑ፣ የሚያገግሙት በዕረፍት፣ በተመጣጠነ ምግብ፣ ትኩሳትን በሚቀንስ መድኃኒትና በበቂ ፈሳሽ እየታገዙ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፈሳሽ ነው።

በቂ ፈሳሽ መውሰድ ቫይረሱን አይገድልም፤ በበሽታው ከመያዝም አይከላከልም። ጥቅሙ ሰውነት ከበሽታው ጋር በሚታገልበት ጊዜ በፈሳሽ እጥረት ምክንያት ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስበት ማድረግ ነው። ትኩሳቱ ሊበርድለት የተቃረበ አንድ አዛውንት ውሃ ባለመጠጣቱ ብቻ ኩላሊቱ ሊጎዳ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የፈሳሽ እጥረት እንዴት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚተካ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ውሃ በሰውነት ውስጥ የሚሰጠው አገልግሎት

የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት 60 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። በአዲስ የተወለደ ሕፃን ይህ መጠን ወደ 75 በመቶ ከፍ ይላል፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ደግሞ ወደ 50 በመቶ ዝቅ ይላል። ውሃ የደም ዋነኛ ክፍል እንደመሆኑ ኦክስጅንንና ምግብን ወደ ሰውነት ክፍሎች ለማድረስ ያስፈልጋል። ኩላሊት ቆሻሻን በሽንት የሚያስወግደው፣ ቆዳ በላብ አማካይነት ሙቀትን የሚያበርደው፣ አንጀትም ምግብን ለስልስ አድርጎ የሚያሳልፈው በውሃ ነው። የአፍንጫ፣ የጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን እርጥበት ኖሮት አቧራና አክታን ጠርጎ ለማውጣት የሚችለውም ሰውነት በቂ ፈሳሽ ሲኖረው ነው።

ጤነኛ ሰው በሽንት፣ በላብ፣ በዓይነ ምድርና በትንፋሽ በየዕለቱ ውሃ ያጣል። የጠፋው በመጠጥና በምግብ ሲተካ ሚዛኑ ይጠበቃል። የሚጠፋው ከሚተካው ሲበልጥ የደም መጠን ይቀንሳል፤ ልብ ይህን ለማካካስ ፈጥኖ መምታት ይጀምራል፤ ኩላሊትም ውሃ ለመቆጠብ ሽንትን ያሳንሳል። እጥረቱ ከቀጠለ የደም ግፊት ይወርዳል፤ አእምሮና ኩላሊትም የሚያስፈልጋቸውን ደም አያገኙም።

ኮቪድ-19 የሰውነትን ፈሳሽ የሚያሳንሰው እንዴት ነው?

በሽታው የሰውነትን ፈሳሽ በአራት መንገዶች ይቀንሳል። የመጀመሪያው ትኩሳት ነው። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ሰውነት የሚፈልገው ውሃ በግምት አንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ይላል። ትኩሳቱ ሲበርድ የሚወጣው ላብም ብዙ ውሃና ጨው ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው የትንፋሽ መፍጠን ነው። ከሳንባ የሚወጣ አየር ሁሉ እርጥበት ይዞ ይወጣል። ታማሚው ቶሎ ቶሎ በሚተነፍስበት ጊዜ፣ በተለይም በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ሳይታወቀው ብዙ ውሃ ያጣል።

ሦስተኛው ተቅማጥና ትውከት ነው። ኮቪድ-19 የመተንፈሻ አካላት በሽታ ቢሆንም፣ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽና ትውከት ያስከትላል። በዚህ መንገድ የሚጠፋው ውሃ ብቻ ሳይሆን ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎች ጨዎችም ጭምር ናቸው።

አራተኛው የመጠጣት ፍላጎት መቀነስ ነው። ጣዕምና ሽታ ሲጠፋ፣ ጉሮሮ ሲያም፣ ድካም ሲበረታ ታማሚው ብርጭቆ ለማንሣት እንኳ ይሰለቻል። ብዙዎች ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ በመሆኑ ወይም ራቅ ብሎ በመገኘቱ፣ ጎረቤት ላለማስቸገር ወይም በሽታውን ላለማስተላለፍ ሲሉ ሆን ብለው ከመጠጣት ይቆጠባሉ። ይህ ለሌሎች ከማሰብ የሚመነጭ ቢሆንም ታማሚውን ይጎዳል። በዚህ ምክንያት ውሃ የሚቀንስ ታማሚ ካለ፣ በክፍሉ ውስጥ ክዳን ያለው የመጸዳጃ ዕቃ (ፖፖ) ማዘጋጀት፣ አስታማሚውም ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ማስወገድ፣ ዕቃውን በበረኪና ማጽዳት፣ እጁንም በሳሙና መታጠብ ይገባዋል።

ኮቪድ-19 በደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዲረጋ የማድረግ ባሕርይ እንዳለው ታውቋል። የሰውነት ፈሳሽ መቀነስና ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ደግሞ ይህን አደጋ ያባብሳሉ። ስለሆነም በቂ ፈሳሽ ከመውሰድ ጎን ለጎን፣ አቅም ያለው ታማሚ በክፍሉ ውስጥ አልፎ አልፎ እግሩን እያፍታታ እንዲንቀሳቀስ ይመከራል።

በቀን ምን ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋል?

ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የሚያስፈልገው መጠን በዕድሜ፣ በሰውነት ክብደት፣ በሥራ ዓይነት፣ በአየር ጠባይና በጤና ሁኔታ ይወሰናል። በመካከለኛ የአየር ጠባይ ለሚኖር ጤነኛ ጎልማሳ፣ ከምግብ የሚገኘው ተጨምሮ፣ ለሴቶች 2 ሊትር፣ ለወንዶች 2 ሊትር ተኩል ገደማ በቂ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከወጥ፣ ከፍራፍሬና ከአትክልት የሚገኝ ሲሆን፣ የተቀረው በመጠጥ ይሟላል። እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ አካባቢዎች የሚኖሩ፣ በፀሐይ ላይ የሚሠሩ፣ በሙቀት ውስጥ ረጅም መንገድ የሚያሽከረክሩ እንዲሁም መላ ሰውነትን የሚሸፍን መከላከያ ልብስ ለብሰው የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። ትኩሳት ያለበት ሰውም እንዲሁ።

ሰውነት በቂ ፈሳሽ ማግኘቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሽንትን መመልከት ነው። በቂ ፈሳሽ የሚወስድ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይሸናል፤ የሽንቱም ቀለም ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናል። ሽንት መጠኑ አንሶ፣ ቀለሙ ጠቁሮ፣ ሽታውም ከበረታ ሰውነት ውሃ እንደሚፈልግ ያመለክታል። አንዳንድ ቪታሚኖችና መድኃኒቶች የሽንትን ቀለም ስለሚለውጡ፣ እነዚህን የሚወስድ ሰው ከቀለሙ ይልቅ የሽንቱን መጠንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሸና ማስተዋል ይሻለዋል።

ከመጠን በላይ መጠጣትም ተገቢ አይደለም። በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ሊትር ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የአእምሮ መደናገርና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። መጠኑን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ማዳረስ የተሻለ ነው።

የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች

በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩት ምልክቶች ጥማት፣ የአፍና የከንፈር መድረቅ፣ የሽንት መጠን ማነስና መጥቆር፣ ራስ ምታት፣ ድካምና ከተቀመጡበት ሲነሡ ማዞር ናቸው። በዚህ ደረጃ የሚገኝ ሰው በአፉ በሚወስደው ፈሳሽ ብቻ ሊስተካከል ይችላል።

እጥረቱ ሲብስ ዓይን ይሰረጉዳል፤ የልብ ምት ይፈጥናል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፤ በሆድ አካባቢ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ሲለቁት ወደ ቦታው የሚመለሰው በዝግታ ይሆናል። የአዛውንት ቆዳ በዕድሜ ምክንያት የሚላላ በመሆኑ ይህ የቆዳ ምርመራ ለእነርሱ አስተማማኝ አይደለም። በሕፃናት ላይ ሲያለቅሱ እንባ አለመውጣት፣ የአናት እርግብግቢት መሰርጎድ፣ መነጫነጭ ወይም ከወትሮው በተለየ መፍዘዝ ይታያል። መሽናት ማቆም፣ መደናገርና ራስን መሳት የከባድ እጥረት ምልክቶች ስለሆኑ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ምን ዓይነት መጠጥ ይመረጣል?

ከሁሉም የሚቀድመው ንጹሕ ውሃ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በየቤቱ የሚዘጋጁ ብዙ መጠጦች ለታማሚ ተስማሚ ናቸው። አጥሚት ውሃንና ኃይል ሰጪ ምግብን በአንድነት ይሰጣል። የአትክልት ወይም የዶሮ ሾርባ በትኩሳትና በላብ የጠፋውን ጨው በከፊል ይተካል። የምግብ ፍላጎቱ ለተዘጋ ሰው ቀጠን ብሎ የተበጠበጠ በሶ፣ የአጃ ሾርባ፣ የተልባ ወይም የሱፍ ውሃ ሊስማማው ይችላል። ለብ ያለ ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል። እንደ ሐብሐብ፣ ብርቱካንና ፓፓያ ያሉ ፍራፍሬዎች ውሃም ቪታሚንም ይሰጣሉ።

ቡናን በተመለከተ፣ በመጠኑ የሚጠጣ ቡና የሰውነትን ውሃ ያደርቃል የሚባለው የተጋነነ ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ለለመደ ሰው ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ቡና የውሃ ምትክ መሆን የለበትም፤ እንቅልፍ የሚያሳጣው ታማሚም ቢቀንሰው ይመረጣል። በወረርሽኙ ወቅት ከቡናው ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ጎረቤት ተሰብስቦ ተጠጋግቶ መጠጣቱ ነው።

ለስላሳ መጠጦችና ስኳር የበዛባቸው ጭማቂዎች ተቅማጥን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ተቅማጥ ላለበት ሰው አይመከሩም። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቢራና አረቄ ደግሞ አልኮል ስላለባቸው ኩላሊት ውሃ እንዳይቆጥብ ያደርጋሉ፤ ሽንትንም ያበዛሉ። ከዚህም በላይ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማሉ፤ ከመድኃኒት ጋር ሲወሰዱም ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። በሕመም ወቅት ሙሉ በሙሉ ሊወገዱ ይገባል።

ተቅማጥና ትውከት ሲኖር፦ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር

በተቅማጥ የሚጠፋው ውሃና ጨው አንድ ላይ በመሆኑ ውሃ ብቻውን በቂ ምትክ አይሆንም። አንጀት ጨውንና ስኳርን አጣምሮ ወደ ደም ሲያስገባ ውሃም አብሮ ይገባል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) የተዘጋጀው ይህን የአንጀት ባሕርይ መሠረት አድርጎ ነው። በውስጡ ግሉኮስ፣ የገበታ ጨው፣ ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት በተመጠነ ልክ ይገኛሉ። በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት መደብሮች ስለሚገኝ እያንዳንዱ ቤተሰብ አስቀድሞ ጥቂት እሽጎች ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

ሲዘጋጅ በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቀጥሎም በእሽጉ ላይ የተጻፈውን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ለ1 ሊትር የተዘጋጀው እሽግ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ለግማሽ ሊትር የተዘጋጀውም በግማሽ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። ውሃው ካነሰ ድብልቁ ጨው ይበዛበታል፤ ይህም በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ውሃው ከበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለመለካት 1 ሊትር ወይም ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የታሸገ ውሃ ጠርሙስ መጠቀም ይቻላል። ስኳር፣ ወተት ወይም ለስላሳ መጠጥ አይጨመርበትም። የተበጠበጠው ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለው የሚፈልገውን ያህል ይጠጣል። ለሕፃናት በማንኪያ ወይም በሲኒ ቀስ በቀስ መስጠት ይገባል። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ በዝግታ እንደገና መጀመር እንጂ ማቆም ትክክል አይደለም። ተቅማጥ ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል አጠቃቀም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታስረዳለች።

እሽጉ ካልተገኘ፣ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በማሟሟት መጠቀም ይቻላል። ማንኪያው መቆለል የለበትም፤ የጨው መብዛት አደገኛ ነውና። ከማጠጣት በፊት ቀምሶ ማየት ያስፈልጋል፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ተደፍቶ እንደገና ይዘጋጃል።

በቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ

ድካም የበረታበት ታማሚ «ውሃ ስጡኝ» እስኪል መጠበቅ አይገባም። ከሚከተሉት መካከል የሚቻለውን ማድረግ ይጠቅማል።

• በ1 ሊትር ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ታማሚው እጁ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ፤ ማታ ስንት ጠርሙስ እንደጨረሰ ማየት።
• በአንድ ጊዜ ሙሉ ብርጭቆ ከመስጠት ይልቅ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ በየጊዜው ጥቂት ጉንጭ ማጠጣት።
• ሲጠጣ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ መደገፍ። ራሱን በሳተ ወይም እንቅልፍ በከበደው ሰው አፍ ውስጥ ምንም ፈሳሽ አለማንቆርቆር፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።
• ለታማሚው የራሱን ብርጭቆ፣ ማንኪያና ሳሕን መለየት፤ ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ።
• የጠጣውን መጠን፣ ስንት ጊዜ እንደሸናና የትኩሳቱን ልክ በወረቀት ላይ መመዝገብ። ይህ መዝገብ ለሚከታተለው የጤና ባለሙያ ትልቅ እገዛ ያደርጋል።

ብዙ ቤተሰቦች ታማሚው እንደደከመ ሲያዩ በደም ሥር የሚሰጥ «ግሉኮስ» እንዲተከልለት ይሻሉ። በአፉ መጠጣት ለሚችል ሰው ይህ አስፈላጊ አይደለም። በተለይ ኮቪድ-19 ሳንባውን ክፉኛ በጎዳው ታማሚ ላይ በደም ሥር በብዛት የሚገባ ፈሳሽ የኦክስጅንን መጠን ሊያባብስ ስለሚችል፣ የሚሰጠው በጤና ተቋም ውስጥ በባለሙያ ውሳኔና ክትትል ብቻ መሆን አለበት። በቤት ውስጥ ማስተከል ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ወገኖች

አዛውንት፦ ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ኩላሊትም ውሃ የመቆጠብ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ አዛውንት ሳይጠማቸው ብዙ ውሃ ሊያጡ ይችላሉ። ድንገተኛ መደናገር፣ ያልተለመደ ንግግር ወይም መውደቅ ሲታይ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። የሽንት ማብዣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዛቸው፣ መድኃኒቱን በራሳቸው ሳያቋርጡ ወዲያው ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ሕፃናትና የሚያጠቡ እናቶች፦ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል፤ በሙቀት ወቅት እንኳ ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም። በኮቪድ-19 የተያዘች እናት ማጥባቷን እንድትቀጥል ይመከራል። ከማጥባቷ በፊትና በኋላ እጇን በሳሙና መታጠብ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና የምትነካካቸውን ነገሮች ማጽዳት ይጠበቅባታል። ማጥባት ያልቻለች እንደሆነ ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ሌላ ጤነኛ ሰው በሲኒ ሊሰጥላት ይችላል። እናቲቱ ራሷም ከወትሮው የበለጠ ፈሳሽ ያስፈልጋታል።

የልብ ድካምና የኩላሊት ሕሙማን፦ ለእነዚህ ወገኖች ብዙ መጠጣት ጎጂ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ በሳንባና በእግር ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ሐኪማቸው የወሰነላቸውን መጠን መከተል፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዛቸውም በስልክ ማማከር አለባቸው።

የስኳር ሕሙማን፦ በሕመም ወቅት የደም ስኳር ከፍ ሊል ይችላል፤ ከፍ ያለ ስኳር ሽንትን ስለሚያበዛ የሰውነት ውሃ ይሟጠጣል። ውሃን ማዘውተር፣ ስኳር ያለባቸውን መጠጦች ማስወገድና የደም ስኳርን ቶሎ ቶሎ መለካት ያስፈልጋቸዋል። ተቅማጥ ቢይዛቸው ኦ አር ኤስን በባለሙያ ምክር ይጠቀማሉ።

ጿሚዎች፦ ጤነኛ ጿሚ ጾሙ በሚፈታበት ሰዓትና ከዚያም በኋላ ፈሳሽን በጥቂት በጥቂቱ በማዳረስ የጎደለውን ሊተካ ይችላል። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ግን ከመጠጥና ከመድኃኒት መታቀቡ ለአደጋ ያጋልጠዋል። በእስልምናም ሆነ በክርስትና ሕሙማን ከጾም የሚያርፉበት ሥርዓት ስላለ፣ አማኞች ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ተመካክረው በሕመማቸው ወቅት ሊጠጡ ይገባል።

ውሃ በሚጎድልበትና ንጽሕናው በሚያጠራጥርበት ጊዜ

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮችና ከሩቅ በሚቀዳባቸው ቀበሌዎች ቤተሰቦች ለእጅ መታጠቢያ ሲሉ የመጠጥ ውሃን ሊቀንሱ ይችላሉ። ሁለቱም አስፈላጊ በመሆናቸው፣ የመጠጥ ውሃን በተለየ ክዳን ባለው ጀሪካን ማስቀመጥ፣ ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ ውሃን በቀጭኑ የሚያፈስ የተበሳ ጀሪካን ወይም ባለቧንቧ ባልዲ መጠቀም ሁለቱንም ለማብቃቃት ይረዳል። ዕቃ የታጠበበትን ውሃ መጸዳጃ ቤት ለማጽዳት መጠቀም ይቻላል።

ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ውሃ ተቅማጥን ስለሚያመጣ ለፈሳሽ እጥረት መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ ራሱ መንሥኤ ይሆናል። ውሃን ማፍላት አስተማማኝ ዘዴ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ ባለ ሥፍራ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከፍታቸው ከ2,000 ሜትር በላይ በሆኑ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ፣ በቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ለ1 ደቂቃ ማፍላት ይገባል። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የተዘጋጁ እንደ ውሃ አጋር ያሉ ምርቶችን በመመሪያቸው መሠረት መጠቀምም ይቻላል። የታከመው ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በመቅጃ ዕቃ ከመጭለፍም ማንቆርቆር ይሻላል።

በየቤቱ በረኪናና የእጅ ማጽጃ አልኮል (ሳኒታይዘር) ሊገኝ ስለሚችል፣ እነዚህን በታሸገ ውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ ማስቀመጥ አይገባም። የተጠማ ልጅ ወይም በሌሊት የነቃ ታማሚ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።

በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«ውሃ በየጥቂት ደቂቃው መጠጣት ቫይረሱን ወደ ጨጓራ አጥቦ ይገድለዋል» የሚለው ትክክል አይደለም። ቫይረሱ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በሳንባ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ስለሚራባ በውሃ አይታጠብም።

«ትኩስ ነገር መጠጣት ቫይረሱን ያቃጥለዋል» የሚለውም እንዲሁ። ትኩስ መጠጥ የሰውነትን የውስጥ ሙቀት አይለውጥም፤ እጅግ የሞቀ ከሆነ ግን ጉሮሮን ይጎዳል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ምግብን ያጣፍጣሉ፤ በሻይ ሲጠጡም ፈሳሽ ለመውሰድ ሊያበረታቱ ይችላሉ። ኮቪድ-19ን እንደሚከላከሉ ወይም እንደሚያድኑ ግን አልተረጋገጠም። በብዛት ሲወሰዱ ጨጓራን ስለሚያቃጥሉና ምግብ ስለሚያስጠሉ በልክ መሆን አለባቸው።

«አልኮል እጅ ላይ ቫይረሱን ከገደለ ሲጠጣም ይገድላል» ብሎ አረቄ የሚጠጣም አለ። አልኮል የሚሠራው በቆዳና በዕቃ ገጽ ላይ ነው። ሲጠጣ ቫይረሱ ወዳለበት የሰውነት ሕዋስ በዚያ መጠን አይደርስም፤ ሰውነትን ግን ይጎዳል። ሳኒታይዘር መጠጣት ደግሞ ለዕውርነትና ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ወደ ጤና ተቋም ፈጥኖ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ ወሰን አለው። ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ሳይዘገዩ የሕክምና ዕርዳታ መጠየቅ ያስፈልጋል፦

• መተንፈስ መቸገር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም፣ የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር፤
• መደናገር፣ ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር፣ ራስን መሳት፤
• የሚጠጣውን ሁሉ ማስመለስ፣ ወይም ፈጽሞ መጠጣት አለመቻል፤
• ለ8 ሰዓትና ከዚያ በላይ አለመሽናት፤
• ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፤
• በሕፃን ላይ ጡት መጥባት አለመቻል፣ መፍዘዝ፣ የዓይን ወይም የእርግብግቢት መሰርጎድ።

የወባ በሽታ በሚገኝባቸው አካባቢዎች ትኩሳት ሁሉ የኮቪድ-19 ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የወባ ምርመራም ሊደረግ ይገባል። ምክር ለማግኘት በነፃ የስልክ መስመሮች 8335 ወይም 952 መደወል፣ ወይም በቀበሌው የምትገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማነጋገር ይቻላል።

ኦክስጅንና የጽኑ ሕሙማን አልጋ በሁሉም ሥፍራ እንደልብ አይገኙም። ንጹሕ ውሃ፣ አጥሚትና አንድ እሽግ ኦ አር ኤስ ግን በአብዛኛው ቤት ሊዘጋጁ ይችላሉ። ታማሚው በጊዜ እንዲጠጣ ማድረግ፣ ሽንቱን መከታተልና የአደጋ ምልክቶችን ለይቶ ማወቅ ሕይወትን የሚታደግ ተግባር ነው። ዛሬ ጤነኛ የሆነ ቤተሰብም ሕመም ከመምጣቱ በፊት የመጠጥ ውሃውን በንጽሕና ያስቀምጥ፤ ኦ አር ኤስ ይያዝ፤ በቤቱ ያሉ አዛውንትና ሕፃናት በየዕለቱ በቂ ፈሳሽ ማግኘታቸውንም ያረጋግጥ።